ከደባርቅ ወጣ ብሎ ቤት መግዛት፤ ገዢው የሚገዛው ምኑን ነው?

የእህቴ ልጅ ደባርቅ ላይ መምህር ነው። ባለፈው ሰሞን ማታ ደወለልኝና ገና ሰላምታውን ሳንጨርስ «ጋሼ፣ ቤት ላገኝ ነው» አለኝ። ደስታው በስልኩ ሽቦ አልፎ ይሰማል። ከከተማው ግማሽ ሰዓት በእግር የሚያስኬድ ቀበሌ ውስጥ አንድ ገበሬ ባለ ሁለት ክፍል ቆርቆሮ ክዳን ቤቱን ሊሸጥለት ተስማምቷል። ከጓሮው የድንችና የነጭ ሽንኩርት መደብ አለ፤ ከመደቡ ቀጥሎ ባሕር ዛፍ ተደርድሯል፤ ዋጋው ደግሞ ከተማው ውስጥ ካርታ ያለው ቤት ከሚጠራበት ከግማሽ በታች ነው። ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል፣ ደላላው ውሉን አስጽፏል፣ የቀረው በማግስቱ ቀብድ መክፈል ብቻ ነው።

«የምትገዛው ምኑን ነው?» አልኩት።

«ቤቱን ነዋ! ምን ማለትህ ነው ጋሼ?»

«ቤቱን ብቻ? የቆመበትን መሬት፣ ጓሮውን፣ ባሕር ዛፉንስ?»

ዝም አለ። ከዚያም «ሁሉም ሰው እኮ እንዲሁ ነው የሚገዛው» አለኝ። ልክ ነው። ሁሉም ሰው እንዲሁ ነው የሚገዛው። ይህ ጽሑፍ የተጻፈውም ስለዚህ ነው፤ ምክንያቱም ተመሳሳይ ጥያቄ ከጎንደር፣ ከባሕር ዳርም ሆነ ከአዲስ አበባ ዳርቻ ይዞ የሚመጣ ሰው ቁጥሩ እየበዛ ነው። ጠያቂዎቹም ያልተማሩ አይደሉም። መሐንዲስ አለባቸው፣ ሐኪም አለባቸው፣ የባንክ ሥራ አስኪያጅም አለባቸው።

ደባርቅን የማያውቅ አንባቢ ቢኖር፣ ከተማዋ ከጎንደር ወደ ሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ዳባትን አልፈው የሚያገኟት ብርዳም ከተማ ናት። ከእርሷ ቀጥሎ መንገዱ ጣሊያን በጠረበው በሊማሊሞ ገደል ቁልቁል ይወርዳል። ለረጅም ዘመን የገብስና የባቄላ ገበያ፣ የተራራ ጎብኚዎችም ማረፊያ ሆና ኖራለች። ያኔ ቤት ለመሥራት ቦታ ቸግሮት የሚያውቅ ሰው ብዙም አልነበረም። ባለፉት ዓመታት ግን ነገሩ ተቀያየረ። በ2010 ዓ.ም. አካባቢ የቀድሞው ሰሜን ጎንደር ዞን ለሦስት ሲከፈል ደባርቅ የአዲሱ ሰሜን ጎንደር ዞን መቀመጫ ሆነች። ይህ ማለት የዞን መምሪያዎች፣ ፍርድ ቤትና ዐቃቤ ሕግ፣ የእነርሱም ሠራተኞችና ቤተሰቦች ወደ ከተማዋ መጡ ማለት ነው። በዚያው ሰሞን ዩኒቨርሲቲው ተማሪ መቀበል ጀመረ። ቀደም ብሎ፣ በ2008 ዓ.ም.፣ ከሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ከነበረው ከግጭ መንደር የተነሱ አባወራዎች ወደ ደባርቅ መጥተው ሰፍረዋል። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ማብቂያ ጦርነቱ ዳባት ወረዳ ጭና ድረስ ሲደርስ ከዛሪማና ከአዲ አርቃይ በኩል የተፈናቀለው ሕዝብ የተጠለለው በእነዚሁ ሁለት ከተሞች ነው። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ዳባት አጠገብ አለምዋጭ የስደተኞች ጣቢያ ተከፈተ። ጣቢያው ከትግራይ ካምፖች የተነሱ ኤርትራውያን የሚኖሩበት ነው።

ሰው በዛ፣ ቦታ ግን አልሰፋም። የመንግሥት ሠራተኛ በደመወዙ ካርታ ያለው ቤት መግዛት አይችልም። ገበሬው በበኩሉ መሬቱ ለልጆቹ አልበቃ ብሎታል፤ ዛሬ ነገ ከተማው ያነሳኛል የሚል ስጋትም አለበት። እንግዲህ አንዱ ቦታ ይፈልጋል፣ ሌላው ገንዘብ ይፈልጋል። መሃላቸው ደላላ ይገባል። ችግሩ ሁለቱም የሚፈልጉትን ነገር ሕጉ «የለም» የሚል መሆኑ ነው።

ነገሩ ከየት እንደመጣ ለማየት ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል። በዚያ አገር «በሚስትና በርስት ቀልድ የለም» የሚባለው ለወግ አልነበረም። ርስት የዘር ነው፤ ባለርስቱ ያርሳል፣ ያወርሳል፣ ይከራከራል እንጂ እንደ በግ ገበያ አውጥቶ ለባዕድ አይሸጠውም። ሲቸግረው በወለድ አግድ ይሰጥ ይሆናል፤ ግን ዘመዶቹ ያስመልሳሉ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 31 የገጠርን መሬት የሕዝብ ሲያደርገው፣ ሐምሌ ላይ የተከተለው አዋጅ ቁጥር 47 ደግሞ የከተማን ቦታና ትርፍ ቤት ወሰደ። ያን ጊዜ ልጅ ነበርኩ፤ ትዝ የሚለኝ ሰው በደስታ ሲጨፍር ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 ይህንኑ አጸና። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። ገበሬው መሬት በነፃ የማግኘትና ያለመነቀል መብት አለው። ግን በነፃ ያገኘውን መሸጥ አይችልም።

እዚህ ላይ የብዙ ገዢዎች መከራከሪያ ይመጣል። የአንቀጹ ንዑስ ቁጥር 7 እያንዳንዱ ኢትዮጵያዊ በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ በመሬት ላይ ለገነባው ቋሚ ንብረት ሙሉ መብት ይሰጠዋል። ይሸጣል፣ ይለውጣል፣ ያወርሳል። ስለዚህ «እኔ መሬቱን አልገዛሁም፤ ገበሬው በገዛ ገንዘቡ የሠራውን ቤት ነው የገዛሁት» ይላሉ። ውሉም ላይ መሬት የሚል ቃል እንዳይገባ ደላላው ይጠነቀቃል። የእህቴ ልጅ ያነበበልኝ ረቂቅ ውል «በውስጡ ያሉትን ማናቸውንም ቋሚ ንብረቶች» የሚል ሐረግ ነበረው። ብልጥ ናቸው።

መከራከሪያው በከተማ ይሠራል። በከተማ ቤት ሲሸጥ የቆመበት ቦታ የመጠቀም መብት ቤቱን ተከትሎ ይሄዳል፤ ማዘጋጃ ቤቱም ስሙን ያዛውራል። እዚያም ቢሆን አንድ ገዢዎች የሚዘነጉት ነገር አለ። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ከውርስ በስተቀር በሌላ መንገድ የሚተላለፍ ነባር ይዞታ ለአዲሱ ባለቤት በሊዝ ሥርዓት እንዲተላለፍ አድርጓል። በሌላ አነጋገር፣ የኪራይ ቦታ ተብሎ በዓመት ጥቂት ብር ይከፈልበት የነበረ ግቢ በገዢው እጅ ሲገባ ሌላ ሒሳብ ይመጣበታል። ያም ሆኖ መንገድ አለው።

በገጠር ግን ያ መንገድ የለም። የአማራ ክልል የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ፣ በ1998 ዓ.ም. የወጣው ቁጥር 133ም ሆነ እርሱን ተክቶ በ2009 ዓ.ም. የወጣው ቁጥር 252፣ ይዞታ ከሰው ወደ ሰው የሚሄድባቸውን መንገዶች ይዘረዝራል። ውርስ አለ፣ ስጦታ አለ፣ ኪራይ አለ። ሽያጭ የለም፤ «ቤት ስለተሸጠ» የሚል መተላለፊያም የለም። ስለዚህ የገጠር ቤት የገዛ ሰው ያለው ነገር ግድግዳና ቆርቆሮ ነው። ቤቱ የቆመበት መሬት፣ የሚገባበት መንገድ፣ ውኃ የሚቀዳበት ጓሮ በሕግ ዓይን የዚያው የገበሬው ነው። በፍርድ ቤት ቋንቋ ለማስቀመጥ፣ ቤቱን ነቅሎ የመውሰድ መብት ገዝቷል ቢባል ብዙ አልተሳሳቱም።

ይህን የሚያውቁ ሰዎች ሌላ ዘዴ ይፈልጋሉ። ከሁሉ የተለመደው ስጦታ ነው። ገበሬው ለገዢው መሬቱን «በስጦታ» ይሰጣል፤ ገንዘቡ ከወረቀቱ ውጪ ይቆጠራል። ስጦታ በወረዳው መሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ ቀርቦ መመዝገብ አለበት። ሕጉም ተቀባዩ የግብርና ሥራ የሚሠራ ወይም ሊሠራ የሚፈልግ ሰው እንዲሆን ይጠብቃል። ደመወዝተኛ መምህር ወይም ጎንደር የሚኖር ነጋዴ ይህን እንዴት አድርጎ እንደሚያስረዳ ራሱ ያውቃል። ምዝገባው ቢያልፍም ከዓመታት በኋላ የሰጪው ልጆች «አባታችን ሸጠ እንጂ አልሰጠም» ብለው ሲነሱ የባንክ ዝውውሩ ራሱ ማስረጃ ይሆንባቸዋል። አንድ ዳኛ ወዳጄ «ስጦታ ሲባል ሰጪው ከተቀባዩ ዘንድ የእንግዳ ምሳ እንኳ ያልበላበት ፋይል እያየሁ ነው» ብሎኛል።

ሁለተኛው ብድር ነው። ገበሬው ይህን ያህል ብር ተበድሬያለሁ ብሎ ይፈርማል፤ እስኪከፍል ድረስ አበዳሪው በመሬቱ ይጠቀማል፤ ሁለቱም እንደማይከፈል ያውቃሉ። ሦስተኛው ረጅም ኪራይ ነው። ኪራይ በራሱ ሕጋዊ ነው፤ በ1998ቱ አዋጅ ጣሪያው 25 ዓመት ነበር። ዳሩ ግን ኪራይ የሚያበቃ ነገር ነው። ገበሬው ወይም ወራሹ ዘመኑ ሲያልቅ መሬቱን ይቀበላል፤ በዚያ ላይ ቪላ የሠራ ሰው ምን ይዞ እንደሚሄድ እርሱ ያስብበት። ስለ ብድሩም ቢሆን ፍርድ ቤት የውሉን ስም ሳይሆን ይዘቱን ነው የሚያየው። ከላይ «ብድር» ተብሎ ቢጻፍም ተዋዋዮቹ ያሰቡት መሬት መሸጥ ከሆነ የውሉ ጉዳይ ሕገወጥ ነው።

ሕገወጥ ውል ሲፈርስ ምን ይሆናል? የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1808 ጉዳዩ ሕገወጥ የሆነ ውል ፈራሽ መሆኑን ከተዋዋዮቹ አንዱ ወይም ጥቅም ያለው ማንኛውም ሰው እንዲያነሳ ይፈቅዳል። ልብ በሉ፣ ገንዘቡን ተቀብሎ የበላው ሻጭ ራሱ «የሸጥኩት ሕገወጥ ነውና ይፍረስልኝ» ብሎ መክሰስ ይችላል። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ፍትሕ የጠፋ ይመስለዋል። ቀጥሎ ቁጥር 1815 ተዋዋዮቹ ወደነበሩበት ይመለሱ ይላል። መሬቱ ለገበሬው፣ ገንዘቡ ለገዢው። የትኛው ገንዘብ? ከአሥር ዓመት በፊት የከፈለው። በዚያ ብር ያኔ ቤት የገዛ ሰው ዛሬ በሩንና መስኮቱን ቢገዛበት ዕድለኛ ነው።

ይህን የምጽፈው ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። ታላቅ ወንድሜ በጡረታው መባቻ በክልሉ ካሉት ከተሞች በአንደኛው ዳርቻ ላይ ከገበሬ ቤት ገዝቶ ነበር። ጠበቃ ወንድም እያለው አላማከረኝም፤ ውሉን ያየሁት ቤቱ ላይ ቀይ የኤክስ ምልክት ከተቀባ በኋላ ነው። ከተማው ሰፍቶ ወደዚያ ቀበሌ ሲደርስ ቦታው በፕላን መንገድ ሆነ። ሻጩ ገበሬ በስሙ ደብተር ስላለው ለመሬቱ ካሣ ተከፈለው፤ ምትክ ቦታም ተሰጠው። ወንድሜ ግን ሰባት ዓመት የኖረበትን፣ ሁለት ክፍል የጨመረበትን ቤት በራሱ ወጪ አፍርስ ተባለ። የአስተዳደሩ ሰዎች ክፉ ሆነው አልነበረም። የካሣ ሕጉ የሚከፍለው ሕጋዊ ባለይዞታ ለሆነ ሰው ነው፤ ወንድሜ አልነበረም። ቆርቆሮውን በጋሪ ጭኖ እናታችን ግቢ አወረደው። እስከ ዛሬ ስለዚያ ቤት ከእርሱ ጋር አናወራም።

እንግዲህ የከተማ መስፋፋት ገዢውን የሚጠራውም፣ የሚቀጣውም ነገር ነው። ዋጋው የሚወደደው «ነገ ከተማ ውስጥ ይገባል» ተብሎ ነው። ሲገባ ግን ጥቅሙ የሚደርሰው ለባለደብተሩ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የካሣ አዋጅ ቁጥር 1161 ለዘለቄታው ለሚነሳ ባለይዞታ ከሦስቱ የመጨረሻ ዓመታት ከፍተኛውን ዓመታዊ ገቢ በ15 እንዲባዛ አድርጎ ነበር፤ ቀድሞ በነበረው አዋጅ ቁጥር 455 ማባዣው 10 ነበር። ገበሬውም ይህን ሒሳብ እያወቀ ነው። ጠርጣሪ ልሁን ካላችሁኝ፣ አንዳንድ ሻጭ ሁለት ጊዜ ነው የሚሸጠው። መጀመሪያ ለገዢው፣ በኋላ ለከተማው።

«ግን ስንቱ ሕገወጥ ቤት በኋላ ሕጋዊ ተደርጓል!» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው። የሊዝ አዋጁ ራሱ ያለፈቃድ የተያዙ ቦታዎች ከፕላን ጋር ከተስማሙ የሚስተካከሉበትን በር ከፍቶ ነበር። ሰነድ አልባ የሚባሉት ይዞታዎች በብዙ ከተሞች በዚያ በር ገብተዋል። ነገር ግን ያ በር ሲከፈት ሁልጊዜ የጊዜ ገደብ አለው፤ ከዚህ ቀን በፊት የተሠራ ይገባል፣ ከዚያ በኋላ የተሠራ አይገባም። አዲስ አበባ ላይ በ1997 ዓ.ም. የተነሳው የአየር ካርታ ስንቱን እንደለየው የሚያስታውስ ያስታውሳል። ገና ያልተከፈተን በር ተማምኖ የዕድሜ ልክ ቁጠባን ማፍሰስ ቁማር ነው። ቁማር መጫወት የሚፈልግ ይጫወት፤ ቤት ገዛሁ ግን አይበል።

የሰሜን ተራሮች ግርጌ አንድ ሌላ ነገር ይጨምርበታል። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ስፋቱ 136 ካሬ ኪሎ ሜትር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1996 በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገባ። ከመዝገቡ ለመውጣት ድንበሩን ማስፋት፣ መንደሮችን ማስነሳትና ግጦሽን መቀነስ ያስፈልግ ነበር። ፓርኩ ወደ 412 ካሬ ኪሎ ሜትር ሰፋ፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ከአደጋው መዝገብ ወጣ። የግጭ ሰዎች የተነሱት በዚህ መሃል ነው። ስለዚህ ከደባርቅ ወደ ሳንቃበር በኩል ያለ ቤት የሚገዛ ሰው የከተማውን ፕላን ብቻ ሳይሆን የፓርኩን ወሰንም ማየት አለበት። ከቤቱ በር ላይ ሆኖ ተራራው ፊት ለፊት መታየቱ ለደላላው የዋጋ ማስጨመሪያ ነው፤ ለእኔ ግን የስጋት ምልክት ነው።

ከሁሉም በላይ የሚያስፈራኝ ግን የደብተሩ ጉዳይ ነው። ደብተር የምለው የአማራ ክልል ለገበሬው የሚሰጠውን የይዞታ ማረጋገጫ ነው። በዚያ ደብተር ላይ የባልም የሚስትም ስም ይሰፍራል፤ ፎቶግራፋቸውም ጎን ለጎን ይለጠፋል። ይህ በእኔ አስተያየት በዚህ አገር ለገጠር ሴት ከተደረጉት ጥቂት እውነተኛ ነገሮች አንዱ ነው። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የክልሉ የቤተሰብ ሕግም የጋራ የሆነን የማይንቀሳቀስ ንብረት አንዱ ብቻውን እንዳይሸጥ ይከለክላል። በተግባር ግን ሽማግሌ የሚቀመጠው፣ ቡና ተፈልቶ ዋጋ የሚቆረጠው ከባልየው ጋር ነው። ሚስትየዋ ማጀት ናት። ገዢው ወገን፣ የተማረው ሰው፣ እርሷን ጠርቶ «አንቺስ ምን ትያለሽ?» ብሎ መጠየቅ ነውር ይመስለዋል። ከዓመት በኋላ ፍርድ ቤት ቀርባ «እኔ አልሸጥኩም» ስትል ነው ስሟን የሚሰማው። ሚስት ሞታ ከሆነ ደግሞ የእርሷ ድርሻ የልጆቿ ነው፤ ከልጆቹ አንዱ ለአካለ መጠን ካልደረሰ ነገሩ ይበልጥ ይወሳሰባል።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ተስፋ የሚያስቆርጥ ይመስላል። መንገድ ግን አለ። ዘገምተኛና አሰልቺ ቢሆንም አለ።

አንደኛው ከተማ ክልል ውስጥ ካርታ ያለውን መግዛት ነው። ዳባትም ደባርቅም ከዋናው አስፋልት ገባ ብለው ያረጁ የጭቃ ቤቶች አሏቸው። ዋጋቸው ከአዲሱ ቪላ ያንሳል፤ ግን ካርታ አላቸው። እዚህም ቢሆን ውሉን በትክክል ማድረግ የግድ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2877 የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ ካልሆነ ዋጋ የለውም ይላል፤ ቁጥር 1723 ደግሞ ውሉ በፍርድ ቤት ወይም ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ፊት እንዲሆን ይፈልጋል። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በ1999 ዓ.ም. በመዝገብ ቁጥር 21448 ይህን ሥርዓት ያልተከተለ የቤት ሽያጭ ውል እንዳልተደረገ ይቆጠራል ብሎ ወሰነ። ውሳኔው በመንደር ውል ቤት የገዛውን ሁሉ አስደነገጠ። በኋላ በመዝገብ ቁጥር 36887 ሻጩ ውሉን መዋዋሉን ካልካደ የምዝገባውን ጉድለት ማንሳት አይችልም በሚል ነገሩ ለዘብ ብሏል። ግን ሻጭ እንዳይክድ እየጸለዩ ቤት መግዛት ምን ይባላል? ሦስት ምስክርና ሁለት ሽማግሌ ፊት የተፈረመ ወረቀት ለዕርቅ ይጠቅማል። ለስም ዝውውር የሚጠቅመው ግን በሥልጣን ባለው አካል ፊት የተደረገው ነው።

ስለ ቀብድም አንድ ቃል። ብዙ ሰው ቀብድን ቦታ መያዣ አድርጎ ያየዋል። ሕጉ ግን ቀብድን የውል ማረጋገጫ አድርጎ ነው የሚያየው። የሰጠ ሰው ሐሳቡን ቢለውጥ ይቀርበታል፤ የተቀበለ ቢለውጥ እጥፉን ይመልሳል። ሕገወጥ በሆነ ውል ላይ ግን እጥፉን አምጣ ብሎ መክሰስ አይታሰብም። ስለዚህ መጀመሪያ መዝገብ ቤት፣ ቀብድ በኋላ ነው። ሰው ግን ገልብጦ ነው የሚሄደው። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል የሚባለው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው መንገድ የቤት ሥራ ማኅበር ነው። በክልሉ ከተሞች የመንግሥት ሠራተኞች ተደራጅተው ቦታ ይወስዳሉ። ተራው ይርቃል፣ ስብሰባው ይበዛል፣ ሊቀ መንበሩ አንዳንዴ ያናድዳል። ቢሆንም የሚገኘው ቦታ የራስ ነው። ሦስተኛው ደግሞ የገጠር ማዕከል ሆነው ፕላን የወጣላቸውን ትናንሽ ከተሞች መመልከት ነው። የገጠር ኑሮ የናፈቀው ሰው ከገበሬው ማሳ ላይ ከመቀመጥ እዚያ በሕጋዊ ምሪት ቢቀመጥ ይሻለዋል። ከእነዚህ አንዱም የማይመቸው ሰው የገበሬውን ቤት ተከራይቶ መኖር ይችላል። ቤት መከራየት ማንንም አያጣላም።

ውጭ ለሚኖሩ አንባቢዎች በዚሁ አጋጣሚ አንድ ነገር ላንሳ። በ1994 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 270 ቢጫ መታወቂያ ለያዙ ትውልደ ኢትዮጵያውያን የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤት የመሆን መብት ሰጥቷቸዋል። ያ ግን የገጠር መሬትን መሸጥና መግዛት አልፈቀደም፤ አገር ውስጥ ለሚኖረው ያልተፈቀደውን ለእነርሱ ሊፈቅድ አይችልም። በወንድምና በእህት ስም «አስገዝቶ» የሚልክ ሰው የሚደርስበት ችግር ደግሞ እጥፍ ነው። መሬቱ የገበሬው ነው፤ ወረቀቱ የወንድሙ ነው፤ የእርሱ የሆነው የሐዋላ ደረሰኙ ብቻ ነው።

ታዲያ ሕጉ ትክክል ነው ወይ? የሕግ ሰው ሁልጊዜ ይህን ጥያቄ ይሸሻል ይባላል፤ እኔ አልሸሽም። መሬት እንደ ልብ ይሸጥ የሚሉትን ክርክር ለዓመታት ሰምቻለሁ። በእነርሱ ሐሳብ ገበሬው በሀብቱ ላይ ሙሉ መብት ሲኖረው ይበለጽጋል። የወገራንና የደባርቅን ገበሬ በመጥፎ ክረምት ላየ ሰው ግን ነገሩ እንደዚያ አይቀልም። ገብሱ ውርጭ ሲመታው፣ ልጁ ሲታመምበት፣ ተዝካር ሲደርስበት መሬቱን የሚሸጥ ስንቱ ነው? ሸጦስ የት ይሄዳል? ከሊማሊሞ ቁልቁል ወርዶ ሁመራ የቀን ሥራ ነበር የቀድሞው መልስ። በሌላ በኩል አሁን ያለው ሁኔታም ገበሬውን አልጠበቀውም። ሽያጩ በጨለማ ስለሆነ ዋጋው የጨለማ ዋጋ ነው። ደላላው ይጠቀማል፣ ዓይኑን የጨፈነው ሹም ይጠቀማል።

በእኔ አስተያየት መሃል መንገድ ይገኛል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1324 ገበሬው የመጠቀም መብቱን በማስያዝ እንዲበደር በሩን ከፍቷል። ይህ ለክፉ ቀን የሚሸጠውን ሰው ቁጥር ሊቀንስ ይችላል። የቀረው የከተማ ዳርቻው ነው። ከተማው በሚቀጥሉት ዓመታት የሚደርስባቸው ቀበሌዎች በግልጽ ተለይተው፣ የገበሬው ቤትና ግቢ በስሙ የከተማ ካርታ እንዲያገኝ ቢደረግ፣ ቤቱን በአደባባይና በትክክለኛ ዋጋ ይሸጠው ነበር። ገዢውም ውሉን በቀን ይፈርም ነበር። ዛሬ የሚሆነው የዚህ ተቃራኒ ነው። ከተማው መጀመሪያ ያነሳል፣ ከዚያ ካርታውን ለሌላ ሰው ይሰጣል።

ወደ እህቴ ልጅ ልመለስ። በማግስቱ ቀብዱን አልከፈለም። በምትኩ ከገበሬው ጋር አብረው ወረዳው መሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ሄዱ። ገበሬው መጀመሪያ ቅር ብሎት ነበር፤ «አላመንከኝም ማለት ነው?» ብሎታል። በኋላ ግን ደብተሩን በፕላስቲክ ጠቅልሎ በጋቢው ሥር ይዞ መጣ። መዝገቡ ሲገለጥ ከእርሱ ፎቶግራፍ ጎን የሚስቱ ፎቶግራፍ አለ። ሚስትየዋ ከሦስት ዓመት በፊት አርፈዋል። ከአራቱ ልጆች ሁለቱ ገና ተማሪዎች ናቸው፤ ትልቋ ልጅ ቤሩት ናት፤ አባቷ ቤት ሊሸጥ መሆኑንም አልሰማችም። ሽማግሌዎቹ ይህን ሁሉ ያውቁ ነበር፤ የጠየቃቸው ሰው ግን አልነበረም።

የምዝገባ ባለሙያው መዝገቡን ዘግቶ «እና አሁን ምን ልታደርጉ ነው?» አላቸው። ከበሩ ውጪ ሻይ ቤት ቁጭ ብለው ብዙ ተነጋገሩ። ልጁ ቤቱን ለሁለት ዓመት በወር ኪራይ ያዘው፤ የኪራዩ ገንዘብ ለሁለቱ ተማሪዎች ደብተርና ዩኒፎርም እንዲሆን ገበሬው ራሱ ውሉ ላይ አስጻፈ። የቤት ሥራ ማኅበሩ ምዝገባ ላይ ደግሞ ስሙን አስገብቷል። ትናንት ሲደውልልኝ ከጓሮው ድንች መቆፈራቸውን ነገረኝ፤ እኩል ተካፍለዋል።